ጥቆማ፦ ለነፍሰ ጡር እህቴ የጨረር መከላከያ የቱን ልግዛላት?

እህቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የሦስት ዓመት ልጅም አላት፣ ስልክ ከእጁ አይወጣም። ፒያሳ አንድ ሱቅ ገብቼ ስልክ ጀርባ ላይ የሚለጠፍ ስቲከርና የብር ክር ያለበት የሆድ መቀነት አሳዩኝ። የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

— እህት ዓለም፣ እኔ በመጀመሪያ ልጄ ጊዜ ስቲከሩን ገዝቻለሁ። ኔትወርኬ ደከመ፣ ባትሪዬ ቶሎ ማለቅ ጀመረ። በኋላ ነው ምክንያቱ የገባኝ፦ ስልክ ከኔትወርክ ማማው አንቴና ጋር መገናኘት ሲያቅተው ጉልበቱን ይጨምራል። ስለዚህ ስቲከሩ የምር ከሸፈነው ጨረሩ ይብሳል፣ ካልሸፈነው ደግሞ ብርሽ ባከነ። መቀነቱንም ተዪው፤ ሞገድ ከፊት ብቻ አይመጣም። ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ይህ ደግሞ በነፃ ነው። ስልኩን ከሆዷና ከኪሷ አርቃ ቦርሳ ውስጥ ትያዘው።

የምትገዢላት ከሆነ ማይክ ያለው ባለ ገመድ ኢርፎን ግዢላት፤ መርካቶ ሞልቷል። ብሉቱዝ ካላት አትጣለው፣ ጉልበቱ ከስልኩ በጣም ያነሰ ነው። የዋይፋይ ራውተሩን ሌሊት የሚያጠፋ ታይመር ሶኬትም ይሸጣል፤ እኔ ግን ራውተሩን ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን አወጣሁትና ታይመሩ አላስፈለገኝም። ስልክ ላይ የሚጫን «ጨረር መለኪያ» አፕ እንዳያታልልሽ፣ የሚለካው መግነጢስ እንጂ የሬዲዮ ሞገድ አይደለም።

— አሳሳቢነቱ ከምን እንደመጣ ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 (እ.ኤ.አ.) የሬዲዮ ሞገድን «ምናልባት ካንሰር አምጪ» ከሚባሉት መደበው፤ የመብራት መስመር መግነጢስን በ2002 እዚያው መድቦት ነበር። ቤታቸው ውስጥ ይህ መግነጢስ በአማካይ ከ0.3 እስከ 0.4 ማይክሮቴስላ (የመግነጢስ መለኪያ ነው) በላይ በሆነ ሕፃናት ላይ የደም ካንሰር ትንሽ በዝቶ ታይቷል፤ መንስኤው እሱ መሆኑ ግን አልተረጋገጠም። የመብራት ትራንስፎርመር ከግድግዳችሁ ከተጠጋ የልጁን አልጋ ወደ ሌላው ግድግዳ አዙሩት። በሐምሌ ብርድ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ የምትጠቀም ከሆነም አልጋውን አሙቃ ሶኬቱን ነቅላ ትተኛ።

አልትራሳውንድ ግን ድምፅ እንጂ ጨረር አይደለም፤ ፈርታ ክትትሏን እንዳታቋርጥ አደራ። ራጅ ሲታዘዝላት ነው ነፍሰ ጡር መሆኗን አስቀድማ መናገር ያለባት።

የልጁን ነገር አደራ። የሕፃን የራስ ቅል ቀጭን ስለሆነ ስልክ ጆሮው ላይ ሲሆን አንጎሉ የሚቀበለው ከአዋቂ ይበልጣል። ፊልሙን ቀድማችሁ አውርዱለትና አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ስጡት።