የጠላትን የአየር ትንበያ መከታተል፦ ስለላ፣ ጠለፋ ወይስ ቅኝት?

ጥያቄ፦ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንድ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። የጠላት ጦር የአየር ትንበያ አገልግሎት ላይ የሚደረገውን መረጃ የማሰባሰብ ሥራ ምን ልበለው? «የአየር ስለላ» ብዬ ነበር፤ ግን አንባቢ በአውሮፕላን የሚደረግ ይመስለዋል።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ «የአየር ስለላ»ን ተወው። «የአየር ንብረት»ም አይሆንም፤ እሱ የብዙ ዓመታት ጠባይ ነው። ለዛሬና ለነገ «የአየር ሁኔታ» ነው የሚባለው። እኔን የሚቆረቁረኝ ግን «ስለላ» ራሱ ነው። ስለላ ስንል ቶሎ የሚታየን ሰርጎ የገባ ሰው ነው፤ ሰላይ፣ ጆሮ ጠቢ። እዚህ ላይ ግን ዋናው ሥራ ጠለፋ፣ ማለትም የጠላትን የሬዲዮ መልእክት ሰርቆ መስማት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰሜን አትላንቲክ ዝናቡም ማዕበሉም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከምዕራብ ነው። እንግሊዝ ቀድማ ታየዋለች፣ ጀርመን ግን ወሬውን ፍለጋ መርከብና ሰርጓጅ ወደ ውቅያኖሱ መላክ ነበረባት። የተላከው ደግሞ ያየውን በሬዲዮ መናገር አለበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እንግሊዞች ያዳምጣሉ።

የጠለፋው ጥቅም ዝናቡን ከማወቅ ያልፋል። ሰርጓጆቹ ሪፖርታቸውን በአጭር የአየር ሁኔታ ኮድ ያሳጥሩና ኢኒግማ በተባለው የምስጢር መጻፊያ ማሽን ይመሰጥሩታል። የባሕር ዳርቻው ጣቢያ ያንኑ መረጃ ቀለል ባለ ምስጢር መልሶ ያሰራጨዋል። ብሌችሊ ፓርክ በተባለው የምስጢር መፍቻ ማዕከል ያሉት እንግሊዞች ይህን ቀላሉን ይፈቱት ነበር። ስለዚህ የኮዱ መጽሐፍ በእጃቸው ካለ፣ በከባዱ ምስጢር ውስጥ ምን እንደተጻፈ መገመት ይችላሉ። የአየር ግፊቱ፣ ነፋሱ፣ ሙቀቱ የኢኒግማን የምስጢር ቁልፍ የሚፈልጉበት ፍንጭ ሆነ ማለት ነው።

መጽሐፉ የተገኘው በሰው ሕይወት ነው። ኦክቶበር 30 ቀን 1942 በሜዲትራኒያን፣ ፔታርድ ከተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ፋሰንና ግሬዚየር የተባሉ ሁለት መርከበኞች እየሰጠመች ወዳለችው የጀርመን ሰርጓጅ ዩ-559 ገቡ። ሰነዱን አወጡ፣ እነሱ ግን አብረዋት ሰጠሙ። መጽሐፎቹን የተቀበላቸው ብራውን የሚባል ወጣት ተረፈ። ብሌችሊ ፓርክ ለአሥር ወር ያህል ተዘግቶበት የነበረውን የአትላንቲክ ሰርጓጆች ምስጢር ዲሴምበር ላይ ፈታ። እነዚህን ስሞች ጽሑፍህ ውስጥ ብታስገባቸው ደስ ይለኛል።

ሌላ አባል፦ ሙንሸን የተባለችው የጀርመን የአየር ሁኔታ መርከብስ? እሷ የጠለፋ ታሪክ አይደለችም።

መልስ፦ አይደለችም፤ እሷ ምርኮ ናት። እንዲህ ያሉት መርከቦች ረጅም ጊዜ ባሕር ላይ ስለሚቆዩ የሚቀጥለውን ወር የኢኒግማ ቁልፍ ጭምር ይዘው እንደሚሄዱ ያሰበው ብሌችሊ ፓርክ የነበረው ሂንስሊ ነው። ሜይ 7 ቀን 1941 ስትያዝ የጁን ቁልፍ ተገኘባት። በቀጣዩ ወር ሌላዋ የአየር ሁኔታ መርከብ ላወንበርግም ተያዘች።

ግሪንላንድ ላይ ደግሞ «ቅኝት» ነው ትክክሉ። እዚያ ዴንማርካውያን በውሻ በሚጎተት ሸርተቴ እየዞሩ ጀርመኖቹ የተከሉትን የአየር ሁኔታ ጣቢያ ራሳቸው ነው ፈልገው ያገኙት፣ በ1943። ከመካከላቸው አንዱ፣ ኤሊ ክኑድሰን፣ ተገድሏል።

ጠያቂው፦ እሺ፣ ሁሉንም ከፈለግኩስ?

መልስ፦ «በጠላት የአየር ትንበያ አገልግሎት ላይ የሚደረግ የመረጃ ሥራ» በለው። ይረዝማል፣ ግን አያሳስትም። ከዚያ በየቦታው ጠለፋውን ጠለፋ፣ ምርኮውን ምርኮ፣ ቅኝቱን ቅኝት ብለህ ጻፍ። ሁሉን ነገር «ስለላ» ካልከው ግን ፋሰንና ግሬዚየር የሠሩት ሥራ አይታይም።