ተጠጋግኖ የተገዛ ዲኤክስ፦ ከየት ልጀምር?

የሆጤ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጠጋግነው የሸጡልኝ መኪና ቶዮታ ኮሮላ ኬኢ 70 ዲኤክስ ነው፤ 4ኬ ሞተር፣ ካርቡራተር፣ ፑንቲና (የሻማ ብልጭታ የሚያስነሳ ማቋረጫ)። የፊት መብራቱ ፊውዝ ቦታ ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል፣ ከዳሽቦርዱ ስር ያለው ገመድ በፌስታል ተጠቅልሏል። 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሁለት ሌሊት ካደረ አያስነሳም። ቴርሞስታቱ (የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው) ወጥቷል፤ ደሴ ላይ የሙቀት ቀስቱ ከቀዝቃዛው አይነሳም፣ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ሲወጣ ግን ያፈላል። ኮምቦልቻ ሲደርስ ሦስቱ ጎማዎች ግለው የኋላው ግራ ታምቡር (ፍሬኑ የሚይዘው ከበሮ) ቀዝቃዛ ነው። ኪሴ ሁሉንም ባንዴ አይችልም። ቅደም ተከተሉን ንገሩኝ።

ሐረጎ ቁልቁል፦
ወንድሜ፣ መብራቱም ሙቀቱም ይቆዩ፤ ያ ቀዝቃዛ ታምቡር ይቅደም። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ፤ አንድ ጎማ ሳይይዝ የሚወረድ ቁልቁለት አይደለም።

ታምቡሩ የማይግለው ወይ የጎማው ሲሊንደር (ሸራውን የሚገፋው) ስለተጣበቀ፣ ወይ ሸራው (ታምቡሩን የሚይዘው) ስለራቀ፣ ወይ ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ቱቦ ስለተቆነጠጠ ነው። እኔ የምጠረጥረው የመጨረሻውን ነው። አንዳንድ ጠጋኞች ሲሊንደር ሲያፈስ መቀየሩን ትተው ቱቦውን በፒንሳ ጨፍልቀው ያጥፉታል፤ ፍሳሹ ይቆማል፣ ፍሬኑም አብሮ። በዝናብ ቀን ድንገት ስትይዝ ቀኙ ብቻውን ይቆልፍና ጅራቷ ይዞራል።

በክሪክ አንሳ፣ በመቆሚያ አስደግፍ (ክሪክ ብቻውን አይታመንም)። አንድ ሰው ፔዳሉን እየረገጠ የአየር ማስወጫውን ፍታ። ዘይት ካልወጣ ቱቦውን በአክሰሉ ላይ እየዳሰስክ ተከተል። የታጠፈውን አቃንተህ አትጠቀምበት፣ ይሰነጠቃል። በመዳብ ቱቦና በብየዳም አታስቀጥል፤ 4.75 ሚሊ የብረት ቱቦ፣ ጫፉ ድርብ የተገለበጠ ይሁን። የሁለቱንም የኋላ ጎማ ሲሊንደር ባንድ ላይ ቀይር። ሸራውን ታምቡሩን እስኪነካ አጥብቀህ ጎማው በነጻ እስኪዞር ማስተካከያውን ጥቂት ጥርስ መልስ። አየር ስታስወጣ ከማስተሩ (ፔዳሉ ከሚገፋው ዋና ሲሊንደር) ከራቀው፣ ከኋላ ቀኝ ጀምር። የፍሬን ዘይቱ ዶት 3 ነው።

አንድ ነገር እንዳትዘነጋ፦ የማስተሩ ክዳን ጎማ አብጦ ካገኘኸው የበፊቱ ጠጋኝ የሞተር ዘይት ጨምሮበታል ማለት ነው። ያኔ በፍሬኑ ውስጥ ያለ ጎማ ሁሉ ይቀየራል፤ ማጠብ ብቻውን አያድነውም።

ቦቢና፦
በፍሬኑ እስማማለሁ፤ ቀጥሎ ግን ሽቦው ነው፣ ምክንያቱም ይቃጠላል። ፊውዝ የሚጠብቀው አምፖሉን ሳይሆን ገመዱን ነው። ሁለት 60 ዋት አምፖል 120 ዋት፣ ማለትም በ12 ቮልት 10 አምፔር ይስባል፤ ስለዚህ 15 አምፔር ፊውዝ ክተት። የመዳቡ ሽቦ ከመቅለጡ በፊት የገመዱ ልባስ ይቃጠላል። 15ቱ ከበጠሰ ደግሞ 30 አትክተት፣ የተነካካውን ቦታ ፈልግ።

ባትሪውን የሚጠጣውን ለማግኘት ቁልፉን አጥፋ፣ ኔጌቲቩን ፍታና አምፔር መለኪያውን በ10 አምፔር ላይ አድርገህ በገመዱና በፖሉ መካከል አስገባ። ዲኤክስ ኮምፒውተር የለበትም፤ ከ0.05 በላይ ካሳየ ሌባ አለ። በሁለት ቀን የባትሪህ ግማሽ ከሄደ ሌባው 0.6 አምፔር አካባቢ ነው፣ የአንዲት ትንሽ አምፖል ያህል። የኮፈን ወይም የሻንጣ መብራት፣ በቀጥታ የታሰረ ሬዲዮም ይሆናል። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀል። የትኛውም ካላወረደው ባትሪውን ፈትተህ ከዲናሞው ወፍራሙን ገመድ ለያይ፣ እንደገና ለካ፤ ከወረደ የዲናሞው ዳዮድ (ኃይል ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው) ተበላሽቷል።

በፌስታል የተጠቀለለውን ቆርጠህ በስታኞ (በቆርቆሮ ብየዳ) በይድ፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አልብስ። አንዱን መስመር ጨርሰህ ሳትፈትሽ ሌላውን አትንካ። ሁሉን ባንዴ የፈታ የትኛው ጥፋት የበፊቱ ጠጋኝ፣ የትኛው የራሱ እንደሆነ ይጠፋዋል።

ሰኞ ገበያ፦
ስለ ማፍላቱ ባጭሩ፦ በ2,500 ሜትር ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከ110 በላይ የሚያደርሰው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ነው። ስለዚህ በርካሹ ጀምር፣ 0.9 ባር ክዳን ግዛ። ከዚያ ራዲያተሩ ተደፍኖ እንደሆነ እይ፤ ሞተሩ ሲሞቅ በእጅ ዳብሰህ የሚቀዘቅዝ ቦታ ካለ እዚያ ውሃ አያልፍም። በመጨረሻ 82 ዲግሪ ቴርሞስታት መልስ። ያለሱ ሞተሩ በደሴ ብርድ ስለማይሞቅ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱም ይበላሻል። መልሰህ ስትከተው ካፈላ ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ ያወጡትም ያንን ለመሸፈን ነው።

የሆጤ ልጅ፦
የአየር ማስወጫው ደረቅ ነው። ቱቦውም አክሰሉ ጋ ሁለት እጥፍ ሆኖ ተጨፍልቋል። ከሌላ መኪና የተፈታ ቱቦ አግኝቻለሁ፣ ይሆናል?

ሐረጎ ቁልቁል፦
ቱቦውን የሚያስረውን የዳዶውን ጥርስ ሳታይ አይሆንም። የጃፓኑ 10 ሚሊ ውፍረት፣ በጥርሶቹ መካከል 1 ሚሊ ነው፤ የኢንች ጥርስ ሁለት ዙር ገብቶ ሲሊንደሩን ይበላዋል። በጣት እስከ ታች ካልገባ ተወው።