የዕቅድ ውይይት፦ «እምነትና ልቡና» የንባብ ቅዳሜዎች፣ ማመልከቻው ዓርብ ይገባል

ጸሐፊ (ሰኞ)
ረቂቁ ይኸው። አራት ቅዳሜ ነው። አንደኛው ሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብ፣ የ17ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያዊ ነው የሚባለው ፈላስፋ መጽሐፍ። ሁለተኛው የተማሪው የወልደ ሕይወት ሐተታ። ሦስተኛው ሙስሊሞቹ ሊቃውንት ጋዛሊና ኢብን ሩሽድ። አራተኛው የአውሮፓ ፈላስፎቹ አኩዊናስና ካንት። ለአዳራሽ 12,000፣ ለቅጂ 4,500፣ ለባነር 3,200፣ ለቡናና ዳቦ 5,000። ድምር 24,700 ብር። አስተያየት እስከ ሐሙስ ማታ።

ሒሳብ ያዥ
እጃችን ላይ ያለው 9,100 ነው። ቀሪውን 15,600 ደጋፊው ካልሰጠን አዳራሹን አንይዝም። ዓላማውን በአጭሩ ጻፉት። አምና «ግልጽ አይደለም» ተብሎ የተመለሰብን ይበቃናል።

ፒያሳ
ዓላማውማ ግልጽ ነው። ሰዉ «ፈላስፋ» ሲባል እምነት የለሽ ይመስለዋል። ዘርዓ ያዕቆብ እንዲያ አይደለም። ከዐፄ ሱስንዮስ ሸሽቶ ተከዜ አካባቢ ዋሻ ሲገባ የያዘው ጥቂት ወርቅና ዳዊቱን ነው። ሁለት ዓመት እዚያ ኖረ። ይጸልያል። አንድ ቀን ግን ቆም ይልና «ስጸልይ የሚሰማኝ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱንም የሚጀምረው ከዚያው ከዳዊት ነው፦ «ጆሮን የተከለ አይሰማምን?» ታዲያ የእኔን ጆሮ ማን ተከለው? እኔን ማን ፈጠረኝ? አባትና እናቴ ከሆኑ እነሱንስ ማን? እያለ ፈጣሪ ጋ ይደርሳል። ጥያቄው የወጣው ከጸሎቱ ውስጥ ነው። ሰው ይቺን ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ቢሄድ ይበቃኛል።

የቅኔ ልጅ
ከዓላማው በፊት ስሙን አስተካክሉ። «ዘርዓ» አይደለም፣ «ዘርአ» ነው። በግዕዝ ዘር «ዘርእ» ይባላል፣ በአልፋው አ። ከያዕቆብ ጋር ሲናበብ «ዘርአ ያዕቆብ» ይሆናል። የአምናውን የባነር ጉድ ዘንድሮም ልንሰቅለው ነው?

ጸሐፊ
ብዙው መጽሐፍ «ዘርዓ» ነው የሚለው። ሰው የሚያውቀውም በዚያ ነው።

የቅኔ ልጅ
ሰው ሁሉ ስለጻፈው ልክ ይሆናል? ፈላስፋው ራሱ ሰዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሳይመረምሩ ይቀበላሉ ብሎ የተቸ ሰው ነው። በእሱ ስም ያልተመረመረ ፊደል አንሰቅልም።

መርካቶ
ዐይኑ «ዓ» ከሜዳ አልመጣም። በዐረብኛ «ዘርዕ» በዐይን ነው፣ ዕብራይስጡም እንደዚያው። «ዘርዓ» ብሎ የጻፈ ሁሉ መሀይም አይደለም።

የቅኔ ልጅ
የዐረብኛውን ለዐረብኛ ተወው ወንድሜ። የምናወራው ስለ ግዕዝ ነው።

መርካቶ
«ተወው» ምን ማለት ነው? የጥበበኞች አባባል የተሰበሰበበት መጽሐፈ ፈላስፋ በ16ኛው መቶ ዘመን ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከዐረብኛ ነው። የመለሰውም አባ ሚካኤል ነው፣ መነኩሴ። እሱ ያልተጠየፈውን እኛ ልንጠየፍ ነው? ሦስተኛውን ቅዳሜ የሚያቀርብ ሌላ ሰው ፈልጉ። እኔ ወጥቻለሁ።

ሰብሳቢ
ኧረ ተዉ ልጆች። ገና ሰኞ ነው።

ከፓሪስ
ወረቀቶቹ እኮ እዚሁ ናቸው። የሐተታው ጽሑፎች ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ የግዕዝ ጽሑፎችን የሰበሰበው ፈረንሳዊው አሳሽ የዳባዲ ስብስብ ውስጥ፣ ቁጥር 215 እና 234 ናቸው። ሄጄ ስሙ በየትኛው ፊደል እንደተጻፈ አያለሁ። እስከ ረቡዕ ጠብቁኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ማክሰኞ)
ሌሊቱን ሙሉ ስለ አንድ ፊደል ስትከራከሩ አነበብኩ። ዋናው ጥያቄ ረቂቁ ላይ የለም። ጽሑፉን ለዳባዲ የላከለት ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ የካቶሊክ (ካፑቺን) ሚሲዮናዊ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1850ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 «ራሱ ሚሲዮናዊው ነው የጻፈው» አለ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ደጋፊው «ይህ የ17ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ የ19ኛው ጣሊያናዊ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ልንል ነው?

ፒያሳ
የኢትዮጵያን ፍልስፍና ያጠናው ክሎድ ሰምነር መልስ ሰጥቶበታል። የግዕዝ ሊቁ ዓለማየሁ ሞገስም በግዕዙ አጻጻፍ ተከራክሯል። ግን ልክ ነህ፣ አንደኛው ቅዳሜ ከዚያ ይጀምር። ሐተታ ማለት እኮ መመርመር ነው። የምናነበውን መጽሐፍ ራሱን ሳንመረምር ስለ ልቡና ብርሃን ብናወራ ሰው ይታዘበናል። እኔ በበኩሌ የኢትዮጵያዊ ነው ባይ ነኝ። የዋሻውን ክፍል ሳነብ ዳዊት ሲደግም ያደገ ሰው ድምፅ ነው የሚሰማኝ።

የቅኔ ልጅ
የኮንቲ ሮሲኒን ክስ ልንመልስ ተነስተን ስሙን ከሳትን መሳቂያ ነው የምንሆነው። ሁለቱ አንድ ጉዳይ ነው።

ሒሳብ ያዥ
ማተሚያ ቤቱ ፋይሉን ነገ 10 ሰዓት ላይ ይፈልጋል። ካለፈ 600 ብር ይጨምራል። ዓ ይሁን አ፣ አንዱን ስጡኝ።

ሐዋሳ
ከፊደሉ ወጣ እንበል። ኂሩት ረቂቁ ውስጥ የለችም። እንፍራዝ ላይ ዘርዓ ያዕቆብን ያስጠለለው ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ነው። ኂሩት የእሱ ቤት አገልጋይ ነበረች። ሊያገባት ሲጠይቅ ሀብቱ «ከዛሬ ጀምሮ ያንተ አገልጋይ ትሁን» ይለዋል። እሱ ግን «አገልጋዬ አትሆንም፣ ሚስቴ ናት፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው» ነው ያለው። ምንኩስና ከጋብቻ ይበልጣል የሚለውንም በልቡናው መዝኖ አልተቀበለውም። ሴት አባላት የምንመጣው ይህን ለመስማት ነው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ስጡን።

ጸሐፊ
ይገባል እህቴ። አንደኛው ቅዳሜ ላይ ጽፌዋለሁ።

ቦሌ
እኔ ደግሞ የምፈራው ሌላ ነው። ዐፄውም ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት። ባነሩን ያየ ሁሉ የንጉሡን ታሪክ ሊሰማ ይመጣል። ፈላስፋው «ዘርዓ ያዕቆብ የክርስትና ስሜ ነው፣ ሰዎች የሚጠሩኝ ወርቄ ብለው ነው» ብሏል። ለምን «የወርቄ ሐተታ» አንልም? የአ እና የዓ ጣጣም የለበትም።

የቅኔ ልጅ
ወርቄ ብለህ ማን ይመጣልሃል?

ጸሐፊ
«ሰው የሚያውቀው» ስላችሁ ያልተቀበልከኝ አንተ አይደለህ?

ሰብሳቢ (ረቡዕ)
ከፓሪስ ወሬ አለ?

ሒሳብ ያዥ
የለም። ስልኩም አይነሳም። 10 ሰዓት አልፏል። 600 ብሩ ተጨምሯል።

የቅኔ ልጅ
መርካቶ፣ ሰኞ ዕለት አፌ አምልጦኛል። ይቅርታ። ዐረብኛውን ንቄ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት በአኩፋዳ እየለመንኩ ያመጣሁት ግዕዝ ነው፣ ሲነካ ያመኛል። ሦስተኛውን ቅዳሜ አትተወው።

መርካቶ
ይቅር ብያለሁ። ሥራውን አልተውኩትም፣ ተዘጋጅቷል። ጋዛሊ ፈላስፎቹን በሃያ ጉዳይ ይሞግታል። በሦስቱ ግን ክህደት ነው ይላል፦ ዓለም መጀመሪያ የላትም ማለታቸው፣ አላህ ዝርዝሩን አያውቅም ማለታቸው፣ የሥጋን ትንሣኤ መካዳቸው። ኢብን ሩሽድ ራሱ ቃዲ ነበር። እውነት ከእውነት ጋር አይጣላም ብሎ መለሰለት። መስጊድ ያደገ ልጅ ይህን ከኛው ሰው አፍ ቢሰማ ደስ ይለኛል። በፊደሉ ግን ሐሳቤን አልለወጥኩም።

ሰብሳቢ
ልጆች፣ እኔ ሦስት ቀን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ከአርባ አባል ግዕዝ አንብቦ የሚረዳው አንድ ሰው ነው። እሱ ያለውን ወይ እንቀበላለን ወይ እንቃወማለን፣ መመርመር ግን አንችልም። እንዲያው ለምን ከግዕዙ አንጀምርም? ስምንት ቅዳሜ የግዕዝ ንባብ ይሁን። የቅኔ ልጅ ያስተምረን።

ሒሳብ ያዥ
ለገንዘቡም ይሻላል። ደጋፊው የቋንቋ ትምህርት እንደሚወድ አምና ነግሮናል። ባነር ካልኖረ 3,800 ይተርፋል።

ጸሐፊ
ጋሼ፣ ዓርብ እኮ ነገ ወዲያ ነው። «እምነትና ልቡና» የት ሊገባ ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ
አኩዊናስና ካንት ተሰረዙ ማለት ነው? ካንት ለእምነት ቦታ ለመስጠት ዕውቀትን መግታት ነበረብኝ ያለ ሰው ነው። ከዋሻው ጥያቄ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ሊነበብ የሚገባው እሱ ነበር። ወር ሙሉ ተዘጋጅቼበታለሁ።

ሰብሳቢ
ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይልን።

ሲልቨር ስፕሪንግ
የሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ታዩታላችሁ። መዋጮዬን ግን እልካለሁ።

ጸሐፊ (ሐሙስ)
ሁለተኛ ረቂቅ። ርዕስ፦ የግዕዝ ንባብ ትምህርት። ስምንት ቅዳሜ። አዳራሹን ትተን የሰብሳቢውን ግቢ እንጠቀማለን። ጋዛሊና ኢብን ሩሽድ አንድ ቅዳሜ ይኖራቸዋል፣ ሰባተኛው። የወልደ ሕይወት ወጥቷል። የኂሩት ክፍል በስድስተኛው ይነበባል።

ሐዋሳ
በግዕዝ?

ጸሐፊ
በሁለቱም።

ፒያሳ
እኔ ይህን አልነበረም የፈለግኩት። ሰዎች ተቀምጠው «የሚሰማኝ አለ ወይ?» በሚለው ጥያቄ ላይ እንዲከራከሩ ነበር የፈለግኩት። አሁን ፊደል ልንቆጥር ነው። አልቃወምም፣ ግን አንድ ነገር እለምናለሁ። የመጀመሪያው ቀን ንባብ የዋሻው ጥቅስ ይሁን።

የቅኔ ልጅ
«ዘተከለ እዝነ ኢይሰምዕኑ»። ይሁን። አራት ቃል ያልሞላ ነው፣ ለጀማሪ ይመቻል። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኑ» ናት ጥያቄ የምታደርገው። እሷን ብታነሳት «ጆሮን የተከለ አይሰማም» ይሆናል። በዚያች አንድ ፊደል ላይ አንድ ሰዓት አስተምራለሁ። የፈለግከውን ክርክር እዚያው አድርግ።

ፒያሳ
ያ ከሆነ እመጣለሁ።

ሒሳብ ያዥ
ማመልከቻው ላይ የፈላስፋው ስም ሁለት ቦታ አለ። አንዱ በአ፣ አንዱ በዓ ተጽፏል። ማን ነው የነካካው?

ጸሐፊ
እንዲሁ ይሂድ። ሌላ ቀን የለንም።

ሒሳብ ያዥ
ዳዊት ያለው ይዞ ይምጣ። ሠላሳ ቅጂ የሚያነሳ አንድ ሰው እፈልጋለሁ። ማክሰኞ እጁን ያወጣው ቦሌ ነበር። ቦሌ፣ አለህ?