ቄጠማ፣ አቧራና የመብራት መቆራረጥ ባለበት ቤት ሮቦት ቫኪዩም በደንብ እንዲሠራ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የገርጂዋ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔና እናቴ የምንኖረው ገርጂ በሚገኝ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቴ የወገብ ሕመም ስላለባት ጎንበስ ብላ እንድትጠርግ አልፈልግም፤ እኔ ደግሞ ማልጄ ወጥቼ የምመለሰው አመሻሽ ላይ ነው። ይህን የምታውቀው እህቴ ከስድስት ወር በፊት ከሜሪላንድ ሮቦት ቫኪዩም፣ ማለትም ራሱ ወለሉ ላይ እየዞረ አቧራ የሚስብ ማሽን፣ ላከችልን። አናቱ ላይ የሚሽከረከር ሌዘር ያለው፣ የቤቱን ካርታ ራሱ የሚያነሣ፣ ከኋላው እርጥብ ጨርቅ የሚገጠምለት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በሥራው ተደስተን ነበር። አሁን ግን ባለፈበት መንገድ ላይ የአቧራ መስመር ይተዋል፤ ቀድሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሠራ የነበረው በ25 ደቂቃ ውስጥ ወደ ቻርጅ መቆሚያው ይመለሳል፤ ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ ድንገት ወደ ኋላ እያፈገፈገ ይቆማል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ካርታው ይጠፋበትና ክፍሎቹን እንደ አዲስ ያስሳል። ፊልተሩን በየሳምንቱ በውኃ አጥቤ አንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ስለማሰጣው፣ ችግሩ የጽዳት ጉድለት አይመስለኝም። ቅዳሜና እሁድ ቡና ስናፈላ ቄጠማ እንጎዘጉዛለን፤ ምናልባት እሱ ይሆን? የአሜሪካ ዕቃ ሆኖ ሳለ 220 ቮልት ላይ መሰካታችንስ ጎድቶት ይሆን?

መልስ፦ የመገናኛው ጠጋኝ

እህቴ፣ ከኤሌክትሪኩ ልጀምር፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ የሚፈጸም ስሕተት ዕቃውን ጨርሶ ያቃጥለዋል። ከመቆሚያው ጀርባ ወይም ከአዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። «100–240» የሚል ከሆነ በእኛ ሀገር 220 ቮልት ላይ ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል፤ ስድስት ወር ሙሉ ሳይቃጠል መሥራቱም ይህንኑ ያመለክታል። አደጋው ያለው የሮቦቱን ቆሻሻ ራሱ እየሳበ ወደ ከረጢት በሚያስገባው ትልቁ መቆሚያ ላይ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ብዙዎቹ 120 ቮልት ብቻ ስለሚቀበሉ፣ በቀጥታ የተሰኩ ቀን ውስጣቸው ያለው ሞተር ይቃጠላል። ይህን የምጽፈው ሌሎች አንባቢዎችም ከዘመድ የሚላክላቸውን ዕቃ ሳያነቡ እንዳይሰኩ ብዬ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ፊልተሩ ሲሆን፣ ለአቧራው መስመር ዋናው ምክንያት እሱ ይመስለኛል። አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ የዋለ ፊልተር ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ነው። ያንን እርጥበት ይዞ ሲገጠም የሚሳበው ደቃቅ አቧራ እንደ ጭቃ ይለጠፍበትና አየር ማሳለፉን ያቆማል። በውኃ እንዲታጠብ የተሠራ መሆኑን መጀመሪያ ከመመሪያው ያረጋግጡ፤ የማይታጠበው የወረቀት ዓይነት አንዴ ውኃ ከነካው አይመለስም። የሚታጠብ ከሆነ ደግሞ ያለ ሳሙና አጥበው፣ ጥላ ሆኖ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ 24 ሰዓት ያድርቁት። ሁለት ፊልተር ገዝቶ ማፈራረቅ ይሻላል። በየሳምንቱ ግን ማጠብ አያስፈልግም፤ ቆሻሻ መጣያው ጠርዝ ላይ መታ መታ አድርጎ ማራገፍና በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ይበቃል።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኛ ቤት ሦስት ሴቶች ስላለን የእኔ ሮቦት ትልቁ ጠላት ፀጉር ነው፤ የእናንተ ደግሞ ቄጠማው ሳይሆን አይቀርም። ሮቦቱን ገልብጠው ዋናውን ብሩሽ ያውጡና ከሁለቱ ጫፎቹ ላይ ያሉትን ክዳኖች ይንቀሉ። ከላይ ሲያዩት ንጹሕ የሚመስለው ብሩሽ ጫፎቹ ላይ ተጠምጥሞ የጠነከረ ፀጉር፣ ክርና ሣር ይዞ ይገኛል። ያ ጥምጥም ብሩሹን ስለሚያንቀው ሞተሩ ይደክማል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። እኔ እሑድ እሑድ በመቀስ እየቆረጥኩ አወጣዋለሁ፤ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። የፊት መንኮራኩሩንም ሳብ አድርገው ነቅለው ዘንጉን ይመልከቱ። የነጠላ ዘርፍ፣ የመጋረጃ ጫፍ፣ የስልክ ቻርጀር ገመድና የጫማ ማሰሪያ ከወለሉ ካልተነሡ ሮቦቱ አንዱን መሳቡ አይቀርም። ለአቧራው ደግሞ የመሳብ ኃይሉን ሁልጊዜ ከፍተኛው ላይ ያድርጉት።

መልስ፦ መሐንዲስ ከኮተቤ

በመጨረሻው ምክር ላይ ከእህታችን ጋር አልስማማም፤ ለዚህም ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር የተያያዘ ምክንያት አለኝ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማይተናነስ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያነሰ ነው። የቫኪዩም ማራገቢያ ደግሞ የሚፈጥረው ጉልበት በአየሩ እፍጋት ልክ ስለሆነ፣ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የመሳብ ኃይል እዚህ ሙሉ በሙሉ አናገኝም። ያንን ጉድለት ኃይሉን በመጨመር ልንክሰው ብንሞክር ባትሪው በግማሽ ጊዜ ያልቃል፤ ጠያቂዋም ከፍተኛው ላይ አድርገውት ከሆነ 25 ደቂቃ የሆነው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በሴራሚክ ወለል ላይ መካከለኛው ኃይል ይበቃል። ከዚያ ይልቅ ሮቦቱ በስልክ በሚታዘዝበት መተግበሪያ ውስጥ እያንዳንዱን ክፍል ሁለት ጊዜ እንዲያልፍበት ማዘዝና በየሦስት ቀኑ የሚሠራውን በየቀኑ ማድረግ የበለጠ ውጤት ያመጣል። በበጋ ከመስኮት የሚገባው አቧራ ደቃቅ ስለሆነ፣ ተከማችቶ ሳይወፍር በየቀኑ ቢነሣ ፊልተሩም ያን ያህል አይታፈንም።

ሜዳ ላይ ማፈግፈጉን በተመለከተ፣ ከሮቦቱ ሆድ ሥር ጠርዙን ተከትለው የተደረደሩ ትናንሽ ጥቁር መስኮቶች አሉ። ደረጃ ወይም ገደል መኖሩን የሚለዩት ብርሃን ወደ ወለሉ ልከው ተመልሶ መምጣቱን በማየት ነው። አቧራ ሲሸፍናቸው ብርሃኑ አይመለስላቸውምና፣ ሮቦቱ ከፊቱ ገደል ያለ መስሎት ይሸሻል። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጓቸው። ወለሉ ላይ ጥቁር ምንጣፍ ካለም ብርሃኑን ስለሚውጥ ተመሳሳይ ችግር ይፈጥራል።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፦ መቆሚያው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው የሚቀመጠው?

የገርጂዋ

በእውነት አመሰግናለሁ። አዳፕተሩ ላይ «100–240» ይላል፤ ትልቅ እፎይታ ነው። ኃይሉ ከፍተኛው ላይ እንደነበረም አይቻለሁ። መቆሚያው ያለው ሳሎን ጥግ ሲሆን፣ ቡና በምናፈላባቸው ቀናት ለረከቦቱ ቦታ ለመልቀቅ ወደ ኮሪደር እንወስደዋለን። መብራት ሲጠፋም ሮቦቱን አንሥቼ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጠዋለሁ።

መልስ፦ መሐንዲስ ከኮተቤ

እንግዲያውስ ካርታውን የሚያጠፋው መብራቱ ሳይሆን መዘዋወሩ ነው። ሮቦቱ ያለበትን ቦታ የሚያሰላው ከመቆሚያው ተነሥቶ ነው፤ መቆሚያው ኮሪደር ሄዶ ሲጠብቀው ቤቱ የተለወጠ ይመስለዋል። ግድግዳ ተጠግቶ፣ በግራና በቀኝ ግማሽ ሜትር፣ ከፊት ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ክፍት የሆነ ቋሚ ቦታ ይስጡት፤ ረከቦቱ ወደ ሌላው ጥግ ቢሄድ ይሻላል። መብራት ሲጠፋ ሮቦቱን አያንሡት፣ እዚያው ይቆይ። ዋይፋይ ባይኖርም አናቱ ላይ ያለውን ቁልፍ በመጫን ብቻ ይሠራል። እግረ መንገድዎን በመቆሚያውና በሮቦቱ ላይ ያሉትን ሁለት ሁለት የብረት ነጥቦች በደረቅ ጨርቅ ይወልውሏቸው፤ እነሱ ከቆሸሹ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ሲደረግ ያደረ የሚመስለው ባትሪ ሳይሞላ ያድራል።

መልስ፦ ከነታንያ፣ እስራኤል

ልጄ፣ የ63 ዓመት ሴት ስለሆንኩ በዚህ አጠራሬ አትቀየሚ። እዚህ የምንኖርባቸው ቤቶች ወለላቸው ሴራሚክ ነው፣ ከባሕሩ የሚመጣው አሸዋም አያልቅም፤ ስለዚህ የእርጥብ ጨርቁን ነገር ከእኔ ስሚ። አቧራና ውኃ አንድ ላይ ከተገናኙ ጭቃ ስለሚሆኑ፣ በመጀመሪያ ዙር ደረቁን ብቻ ይጥረግ፤ ጨርቁ የሚገጠመው በሁለተኛው ዙር ነው። ከሥራው በኋላ ጨርቁን አውጥተሽ እጠቢው፤ እዚያው ላይ ከደረቀ ይሸታል፣ በማግስቱም ወለሉ ላይ መስመር ያሰምራል። በውኃ መያዣው ውስጥ በረኪና ፈጽሞ እንዳትጨምሪ፤ የጎማ ክፍሎቹንና ቀጫጭን ቱቦዎቹን ይበላቸዋል።

ስለ ቡናው ደግሞ፣ ቄጠማው ተነሥቶ ወለሉ በእጅ መጥረጊያ አንድ ጊዜ ሳይጠረግ ሮቦቱን አታስነሺው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ከማንደጃው የሚረግፈው አመድ ነው። አመድ ውስጥ የተደበቀ ፍም በፕላስቲኩ መያዣ ከተሰበሰበ አቧራና ፀጉር ጋር ሲገናኝ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የቀዘቀዘው አመድም ቢሆን እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ፊልተሩን በአንድ ቀን ይደፍነዋል። እናትሽ ጎንበስ እንዳትል ረጅም እጀታ ያለው መጥረጊያና ቁመት ያለው መሰብሰቢያ ግዢላት፤ ማንደጃው ሥርም ሰፋ ያለ የብረት ትሪ አድርጉበት።

የገርጂዋ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

የሆነውን ልንገራችሁ። ከብሩሹ ጫፎች ላይ ያወጣሁት የቄጠማና የክር ጥምጥም አውራ ጣቴን ያክል ነበር። አዲስ ፊልተር ገጥሜ፣ መስኮቶቹንና የብረት ነጥቦቹን ጠርጌ፣ ኃይሉን ወደ መካከለኛው መልሼ፣ በየቀኑ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እንዲነሣ አደረግሁት። አሁን ሁለት ጊዜ እያለፈ እንኳ 70 ደቂቃ ይሠራል፤ ካርታውም አልጠፋም። የአቧራው መስመር ከመኝታ ቤቶቹ ጠፍቷል፤ ሳሎን ውስጥ ግን በግድግዳው ጠርዝ ላይ አሁንም ይታያል።

መልስ፦ የመገናኛው ጠጋኝ

ጠርዙን የሚጠርገው በጎን በኩል ያለው ባለ ሦስት ክንፍ ትንሽ ብሩሽ ነው። ክንፎቹ ተጣጥፈው ወይም አንዱ ተቆርጦ ከሆነ አቧራውን ወደ መሐል አያመጣም። ከተጣመመ ለጥቂት ሰከንዶች ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክረው በእጅዎ ያቃኑት፤ ከተቆረጠ ግን መለወጥ አለበት። እህትዎ ሌላ ዕቃ ሲልኩ በሮቦቱ ሆድ ላይ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሥተው ይላኩላቸውና ሁለት የጎን ብሩሽና ሁለት ፊልተር አብረው እንዲልኩ ይንገሯቸው፤ የሌላ ሞዴል ብሩሽ ቢመሳሰልም ቀዳዳው አይገጥምም።