በሐምሌ ጅረት ላይ በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ማጥመድ ይቻላል?

ሰበታ ዳር (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። ከውጭ የተመለሰ ወንድሜ በሰው ሠራሽ ዝንብ (ነፍሳት እንዲመስል መንጠቆ ላይ ከላባና ከክር በተሠራ ማጥመጃ) ለማጥመድ የሚያገለግል ዘንግና ክር፣ ስለ ተራራ ጅረቶችም የተጻፈ መመሪያ ሰጥቶኛል። መመሪያው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ውኃው ስለሚጎድል፣ ስለሚጠራና ስለሚሞቅ ማልዶ መውጣት፣ ቀጭን ክርና ትንሽ ዝንብ መጠቀም፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ዓሣውን መተው እንደሚገባ ይመክራል። ባለፈው ቅዳሜ ይህንኑ ይዤ ወደ ሆለታ አቅጣጫ ብወጣ ያገኘሁት ጅረት ቡና መስሎ እየተገማሸረ ነበር። ሙቀቱን ስለካ 15 ዲግሪ ነው፤ ዝንቤን ግን እኔ ራሴ እንኳ ላየው አልቻልኩም። የተሳሳትኩት ቦታውን ነው ወይስ ወቅቱን?

የአዋሽ ወዳጅ
ወንድሜ፣ የተሳሳተው ወቅቱ ነው። መመሪያው የሚናገረው ስለ አውሮፓና አሜሪካ ነው፤ በዚያ የበረዶው ውኃ በጸደይ ወርዶ ካለቀ በኋላ ጅረቱ የሚሳሳው በእነዚህ ወራት ሲሆን፣ በእኛ አገር ግን ወንዝ የሚሞላባቸው ናቸው። ስለዚህ ምክሩን በወር ስም ሳይሆን በውኃው ጠባይ ይተርጉሙት። በሰበታ ዙሪያ የጎደለና የጠራ ውኃ የሚገኘው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ የበልግ ዝናብ ከዘገየም እስከ መጋቢት ነው። እኔ ግን ከሁሉ የምመርጠው ጥቅምት መጨረሻንና ኅዳርን ነው፤ ጎርፉ ወርዶ ውኃው ይጠራል፣ ነገር ግን ገና አልደረቀም።

ስለ 20 ዲግሪውም አንድ ነገር ልጨምር። ውኃ ሲሞቅ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ በባሕር ወለል ከፍታ አንድ ሊትር ውኃ በ10 ዲግሪ 11 ሚሊ ግራም፣ በ20 ዲግሪ ደግሞ 9 ሚሊ ግራም ገደማ ይይዛል። በእኛ ከፍታ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ያው የ20 ዲግሪ ውኃ የሚይዘው ወደ 7 ሚሊ ግራም ይወርዳል። ይህ ቀዝቃዛ ውኃ ለለመደው፣ ትራውት ለተባለው ዓሣ ከባድ ነው። በአዋሽና በገባሮቹ የሚያገኟቸው ቢልጫና አምባዛ ግን ሙቀትን የተሻለ ይችላሉ፤ አምባዛማ ከውኃው በላይ ካለው አየር ጭምር ስለሚተነፍስ በጭቃ ኩሬ ውስጥ እንኳ ይሰነብታል። ዝንብን ይነክሳል ብዬ የምጠብቀው ቢልጫን ነው፤ አምባዛ በማሽተትና በጢሙ በመዳሰስ ስለሚያድን ለእርሱ ትል ይሻላል።

አንድ ጉዳይ ግን ሳልናገር አላልፍም። በጣና ገባሮች እንደሚታወቀው የቢልጫ ወገኖች በክረምት እንቁላል ለመጣል ሽቅብ ወደ ወንዞች ይወጣሉ፤ በዚያን ጊዜ በወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጉ ሰዎችን ሳይ እጅግ አዝናለሁ። በዘንግ የሚያጠምድ ሰው ቢያንስ ሆዷ የሞላውን ይልቀቃት።

የበቾ ልጅ
በነሐሴ ወደ በቾ ሜዳም ሆነ ወደ መልካ ቁንጥሬ ለመውረድ እንዳያስቡ። መረሬው መኪና ይውጣል፤ አዋሽም ከአልጋው ወጥቶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ትንንሾቹ ጅረቶች ደግሞ የባሰ አታላይ ናቸው፤ እርስዎ ቆመው በሚያጠምዱበት ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ወጨጫ ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ በድንገት ይደርሳል። ቅጠልና ጭራሮ ሲመጣ ካዩ ክርዎን ሳይሰበስቡም ቢሆን ይውጡ። አቃቂን ደግሞ በየትኛውም ወቅት ይተዉት፤ የከተማውና የፋብሪካው ፍሳሽ የሚወርድበት ነው። ገፈርሳና ለገዳዲ የመጠጥ ውኃ ግድቦች ስለሆኑ ያለ ፈቃድ አይጠጉ።

ደጋማው
ትራውት ለሚፈልግ በአዲስ አበባ ዙሪያ መድከም ከንቱ ነው። ትራውት ያለው ባሌ ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ እንደ ዌብና ዳንካ ባሉ ወንዞች ተለቀቀ። ዲንሾ ከዚህ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ለማጥመድ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ክረምቱን ዘንግዎ ያለ ሥራ እንዲቀመጥ ካልፈለጉ ግን ቢሾፍቱ ይሂዱ። የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቆች ወንዝ ስለማይገባባቸው ደለል እንደ ጅረት አያደፈርሳቸውም፤ ዓሣውም ቆሮሶ ነው። (ዓሣ በፍልሰታ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ እንዳትከፍቱብኝ።)

ሰበታ ዳር (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወደ ቢሾፍቱ ለመሄድ ወስኛለሁ። ቆሮሶ ግን በብዛት የሚመገበው ዋቅላሚ (አልጌ) ከሆነ ዝንብ ምን ያደርግለታል?

ደጋማው
ልክ ነው፤ ትልልቁ ቆሮሶ በብዛት ዋቅላሚ ይበላል። ቢሆንም በውኃ ውስጥ የሚያድጉ የነፍሳት እጮችንም አይንቅም፤ ስለዚህ የሚንሳፈፈውን ዝንብ ትተው ትንሽ አረንጓዴ ወይም ቡናማ፣ የሚሰምጥ ዓይነት ይሰሩ፤ በሸንበቆው ጠርዝ ጣል አድርገው በጣም በዝግታ ይሳቡት። ሲነክስ ክሩ ጥቂት ብቻ ስለሚጠብቅ ዓይንዎን ከክሩ ጫፍ አያንሱ።