ፈንክሽናልና ሎጂክ በአንድ ቋንቋ፦ «ሁለት ባላ» ወይስ አንድ ጣጣ?

የፕሮሎግ ልጅ፦
ፈንክሽናል ቋንቋ፣ እንደ ሃስኬል፣ ግብዓት ተቀብሎ መልስ በሚሰጥ ፈንክሽን ይጻፋል፤ ሎጂክ ቋንቋ፣ እንደ ፕሮሎግ፣ ሕጉን ስትሰጠው መልሶቹን ራሱ ይፈልጋል። ትናንት እዚህ «ሁለቱን ማዋሃድ የሞተ ሐሳብ ነው፤ ሃስኬል ካለህ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚጨመር ኮድ) ይበቃል» የተባለው አናዶኛል። ሁለቱን ያዋሃደው ቋንቋ ከሪ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ሊስት (ዝርዝር) ከሊስት የሚያያይዘውን ፈንክሽን ወደፊት ከጠራኸው ሁለት ሊስት ያያይዛል። ወደኋላ ከጠራኸው (ውጤቱን ሰጥተህ ግብዓቱን ከጠየቅከው) የመጨረሻውን አባል ያወጣልሃል። አንዴ ጽፈህ ሁለት ሥራ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባል የለ?

ሃስኬል ወዳጅ፦
እስቲ ባላህን እንየው። «ሳንቲም» ወይ 0 ወይ 1 ነው እንበል። «እጥፍ ሀ = ሀ + ሀ»። ከሪ ላይ «እጥፍ ሳንቲም» 0 ወይም 2 ይሰጣል። «ሳንቲም + ሳንቲም» ግን 1ም ያመጣል። እኩሉን በእኩሉ መተካት ካልቻልኩ ፈንክሽናልነቱ የቱ ጋ ነው? አንዱ ባላ ሌላውን ሰብሮታል።

የፕሮሎግ ልጅ፦
ኧረ አልሰበረም! ምርጫው ለ«ሀ» አንዴ ነው የሚወሰነው። ሆን ተብሎ ነው እንደዚያ የተሠራው። ያው «ሀ» በግራ 0፣ በቀኝ 1 እንዲሆንልህ ነው የምትፈልገው?

ኮድ አንባቢ፦
ሜርኩሪን ረሳችሁት። እሱም ሁለቱን ያዋሃደ ቋንቋ ነው፣ የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ሥራ። እዚያ ፈንክሽን ለአንድ ግብዓት ከአንድ በላይ መልስ መስጠት አይፈቀድለትም። ብዙ መልስ ያለው ነገር ፕሬዲኬት (እውነት ወይም ሐሰት የሚሆን ግንኙነት) ሆኖ ይጻፋል፣ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለርም ይቆጣጠረዋል። የሳንቲሙ ጭቅጭቅ እዚያ አይነሳም።

የፕሮሎግ ልጅ፦
አይነሳም፣ ግን በምን ዋጋ? ፕሮሎግ ላይ ጫፉ ክፍት የሆነ ሊስት ይዤ እዞራለሁ፤ ጫፉን በኋላ እሞላዋለሁ። ሜርኩሪ ይህን ከልክሎኛል። ለእኔ እሱ ነበር ባላው።

ሃስኬል ወዳጅ፦
ስለ ክፍት ጫፍ ካነሳህ ልንገርህ። ባለፈው ሳምንት የከሪ ፕሮግራሜ አንድ መልስ ሰጠኝና ዝም አለ። ሁለት ቀን ፈለግኩ። ለካ የሊስቱን ርዝመት አልወሰንኩም፤ እየረዘመ የሚሄድ ሊስት ያለማቋረጥ ይሞክራል። ስሌቱ ሰነፍ ስለሆነ (ውጤቱ እስኪፈለግ አይሠራም) የትኛው መስመር መቼ እንደሚሠራ ከኮዱ ማንበብ አልቻልኩም። ይህን ለጀማሪ ማን ያስረዳል?

የፕሮሎግ ልጅ፦
ርዝመቱን አለመወሰንህ የቋንቋው ጥፋት ነው እንዴ? ፕሮሎግም ላይ ያው ይደርስብህ ነበር።

ኮድ አንባቢ፦
የጌም ኩባንያው ኤፒክ ጌምስ ፈንክሽናልና ሎጂክን ያዋሃደውን ቋንቋ ቨርስን ሲያወጣ ሳይመን ፔይተን ጆንስ አብሮ ሠርቶበታል። ሃስኬልን ከሠሩት አንዱ ነው። ሐሳቡ ሞቷል ካላችሁ እሱ እዚያ ምን ያደርጋል?

ሃስኬል ወዳጅ፦
የትልቅ ሰው ስም መልስ አይሆነኝም። «ሞቷል» ያልኩት እኔ አይደለሁም። እኔ የጠየቅኩት ስለ ሳንቲሙ ነው።

የፕሮሎግ ልጅ፦
መለስኩልህ እኮ! ወደ ላይ ውጣና አንብበው።