የላዳዬ ዳሽቦርድ ብርማ ጠርዝ ረገፈ፤ ምን ልቀባው?

ጥያቄ፦ ባለ ላዳው (አዲስ አበባ)

አባቴ ለዓመታት ታክሲ የነዳባት ላዳ 2101 ጡረታ ወጥታ ለእኔ ደርሳለች። ሰማያዊና ነጭ ቀለሟን ሳልነካ ውስጧን እያደስኩ ነው። ያስቸገረኝ የጌጆቹን (የፍጥነትና የነዳጅ መለኪያዎቹን) ሰሌዳ የሚከበው ብርማ ጠርዝ ነው። ብረት መስሎኝ በጥርስ ሳሙና ፈተግኩት፤ ጨርቁ ላይ ግራጫ ዱቄት ቀረ፣ ከሥሩም ጥቁር ፕላስቲክ ብቅ አለ። አሁን ብሩ የተረፈው ጥጋጥጉ ላይ ብቻ ነው፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት። አንድ ጋራዥ ሄጄ ሳሳያቸው «ኒኬል እናስነክርልሃለን» አሉኝ። ያዋጣል?

መልስ፦ ቀለም ቀቢው

ልጄ፣ እንዳትሰጣቸው። ለመኪና መከላከያ (ባምፐር) ብረት የተዘጋጀ የኒኬል መንከሪያ ለፕላስቲክ አይሆንም። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ መጀመሪያ በኬሚካል መዘጋጀት አለበት።

ፋብሪካ ፕላስቲክን ብረት የሚያስመስልበት መንገድ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። በመዳብ፣ በኒኬልና በክሮም ተራ በተራ የተለበጠ ከሆነ ሲላቀቅ እንደ ምላጭ የሾለ ቅርፊት ሆኖ ይነሣል፤ ጣት ይቆርጣል። ሌላው አየር በወጣለት ጋን ውስጥ አሉሚኒየም ተንኖ ፕላስቲኩ ላይ ያረፈበት ነው። ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ያነሰ ስለሆነ በላዩ ያለው ቫርኒሽ ካለቀ የጨርቅ ፍትጊያም አይችልም። ያንተ በዱቄት መልክ ስለለቀቀ ሁለተኛው ይመስለኛል።

ሰሌዳውን ሳታወጣ አትሥራ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል፣ ከኋላ የኪሎ ሜትር ገመዱን ፍታ፣ የእያንዳንዱን ሽቦ ቦታ ፎቶ አንሣ። ቲነርና አሴቶን አጠገቡ አይድረሱ፤ ፕላስቲኩን ያቀልጡታል። በሳሙና ውኃ እጠበው፣ የቀረውን ብር በ800 ከዚያም በ1500 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት እያራስክ አለስልሰው።

መልስ፦ ባለ ሙስታንግ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

እኔ የ1967 (እ.ኤ.አ.) ፎርድ ሙስታንግ መኪናዬ የጌጅ ክፈፍ ላይ የተጠቀምኩት ሞሎቶ የሚባለውን የክሮም ቀለም እስክሪብቶ ነው። ባለ 1፣ ባለ 2 እና ባለ 4 ሚሊ ሜትር ጫፍ አለው። ሥሩ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ከሆነ መስታወት ይመስላል፤ ሸካራ ከሆነ ግን ተራ የብር ቀለም ነው። ጥቁሩን ቀብተህ ቢያንስ አንድ ቀን አቆየው። በክሮሙ አንዴ ከሄድክበት መስመር ወደ ኋላ አትመለስ፤ እርጥቡን መነካካት ያጠቁረዋል። ከሱቅ የሚገዛው «ክሮም» የሚል የሚረጭ ቀለም ግን አያታልህ፤ አብዛኛው የአሉሚኒየም ድስት ቀለም ነው።

መልስ፦ ፍሪጅ ጠጋኙ

እስክሪብቶ ከውጭ እስኪመጣ ከመጠበቅ እኛ የአየር ቱቦ የምናሽግበት የአሉሚኒየም ፕላስተር አለ። መስታወት ላይ ለጥፈው፣ በብረት ማስመሪያና በአዲስ ምላጭ በ3 ሚሊ ሜትር ስፋት ቁረጠው። ቀጥታውን ክፍል ለጥፈህ በማንኪያ ጀርባ ስታሸው ያበራል። ጥምዝ ላይ ግን ይጨማደዳል፤ አልዋሽህም።

መልስ፦ ቀለም ቀቢው

ከሁለቱም በኋላ ቫርኒሽ ይቀባ። ያለዚያ የእጅ ላብ ይበላዋል።

መልስ፦ ባለ ሙስታንግ

በአክብሮት፣ በፕላስተሩ ላይ እስማማለሁ፤ በእስክሪብቶው ላይ ግን አይሆንም። እኔ ቫርኒሽ የረጨሁበት ወዲያው ግራጫ ሆነ፤ ሁለተኛ ሠራሁት። የግድ ከሆነ መጀመሪያ በማይፈለግ ፕላስቲክ ላይ ሞክረው።

መልስ፦ ቀለም ቀቢው

ያን እስክሪብቶ በእጄ ይዤው አላውቅም፤ እንግዲህ የሞከረው ይሻላል።

ባለ ላዳው ተመልሶ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ጋሼ፣ ከኒኬል ነካሪው ስላዳኑኝ በተለይ። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ሲመጣ ባለ 2 ሚሊ ሜትሩን እስክሪብቶ አመጣልኝ። ላይና ታች ያሉትን ቀጥታ መስመሮች በፕላስተር፣ አራቱን ጥጎች በእስክሪብቶ ሠራሁ። መገናኛቸው ቀርቦ ለሚያይ ይታወቃል፤ ከሾፌሩ ወንበር ግን አይታይም። ቫርኒሽ አልነካሁትም። ለሳምንት በካርቶን ሸፍኜ አቆይቼ ትናንት ገጠምኩት።

አባቴ ገብቶ ከመሪው ኋላ ተቀመጠ። ብዙ ዝም ብሎ አየው፣ ከዚያ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ጥጉን ሊወለውል ሲል እጁን ያዝኩት።